ልጄ መናደድም ማልቀስም ትቷል፤ ጋንጃው ነው፣ ዕድሜው ነው ወይስ ያየነው መከራ?

እናት ከሸዋ በር (ውይይቱን የከፈተች)
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 3:20

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምጽፈው ከደሴ ነው። የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ 10ኛ ክፍል ነው። ጋንጃ እንደሚያጨስ ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በፊት ሲሆን፣ ያጋለጠው ዕጣን ነው። በእኛ ቤት ዕጣን የሚጨሰው ቡና ሲፈላ ብቻ ነው፤ ይህ ልጅ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጢሱ ዓይኔን አቃጠለኝ እያለ ከረከቦቱ ርቆ ደጃፍ ላይ የሚቀመጥ ነበር። እሱው ማጨሻውን ወደ ክፍሉ አስገብቶ፣ በሩን ቆልፎ ዕጣን ማጨስ ሲጀምር፣ እንደ አያቱ ጸሎት ሊለምድ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ከዕጣኑ ሥር ሌላ ሽታ መጣ፤ እርጥብ ሣር ሲቃጠል የሚሸት ዓይነት። ፍራሹን ሳነሣ በማስቲካ ወረቀት የተጠቀለለውን አገኘሁት። ስጠይቀው አልካደኝም፤ ከሰኔ ጀምሮ እንደሚያጨስ፣ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በየቀኑ እንደሆነ ነገረኝ።

ከጢሱ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ልቡ ነው። በኅዳር ወር አባቴ ዐረፉ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ከተማችን ስትያዝ፣ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ የነበረውን ልጄን እጁን ይዘው የሐረጎን ቁልቁለት በእግር አስወርደው ኮምቦልቻ ያደረሱት፣ ሲበርደውም ጋቢያቸውን አውልቀው ያለበሱት እሳቸው ናቸው። በለቅሶው ድንኳን ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦ አንዲት እንባ አላፈሰሰም። ማታ ለብቻው ጠርቼ «አያትህ እኮ ናቸው፣ አላዘንክም?» ብለው፣ «ምንም አይሰማኝም፤ እኔም ገርሞኛል» አለኝ። ድፍረት አልነበረበትም፤ ዕቃ ጠፍቶበት ኪሱን እንደሚፈትሽ ሰው ነበር የሚመስለው። ታናሽ እህቱ ስታለቅስም ዝም ብሎ ያያታል። ይህ የጋንጃው ሥራ ነው? የዕድሜው ጠባይ ነው? ወይስ ያኔ በመንገድ ላይ ያየነው ነገር አሁን እየወጣ ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ጠመኔ
ጥር 4 ቀን፣ ከምሽቱ 4:05

እህቴ፣ በቅድሚያ ስለ አባትዎ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የጻፉትን ሳነብ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። 9ኛ ክፍል ሳለ ለግማሽ ማርክ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ የሚሟገት፣ ካልተስተካከለለት ፊቱን አዙሮ የሚውል ልጅ ነበር። አምና የፈተና ወረቀት ስመልስ ድምሩን ተሳስቼ 7 ማርክ አሳንሼበት ነበር። ስሕተቱን ራሴ ደርሼበት ጠርቼ ስነግረው «ይሁን ቲቸር» ብሎ ወረቀቱን ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ነው መከታተል የጀመርኩት፤ ከዕረፍት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ዓይኑ ቀልቶ፣ ዘግይቶ፣ የጓደኞቹን ቀልድ ሌሎቹ ስቀው ከጨረሱ በኋላ የሚስቅ ሆኖ አገኘሁት።

ይሁን እንጂ በዓይን አይቶ ለመፍረድ መቸኮል እንደማይገባ ከዚያው ክፍል ተምሬያለሁ። ከእሱ ሁለት ወንበር ዝቅ ብላ የምትቀመጥ ተማሪ ፍጹም ተመሳሳይ ዝምታ ነበራት፤ እሷ ግን ምንም ነገር ቀምሳ አታውቅም፣ በዚያው ዓመት ወንድሟን ያጣች ልጅ ናት። ስለዚህ የልጅዎ ዝምታ የጢሱ ነው ወይስ የሐዘኑ የሚለውን እኔ መለየት አልችልም፤ ባለሙያ ካለ ይጨምርበት።

ነፃ ሐሳብ
ጥር 5 ቀን፣ ከጠዋቱ 2:40

የእናትን ጭንቀት አላቃልልም፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነገረው ብዙው ነገር ማስፈራሪያ ስለሚመስለኝ ሐሳቤን በትሕትና ላቅርብ። በከተማችን የ14 ዓመት ልጅ ጫት ይዞ ሲሄድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ከበርጫ በኋላ ጨብሲ ብሎ አረቄ ቤት ቢገባም የሚቆጣው የለም። ጋንጃ ሲሆን ግን መንደሩ በሙሉ ይናወጣል። ካናዳ በ2018 እ.ኤ.አ. በሕግ ፈቅዳዋለች፤ ኡራጓይ ከዚያ በፊት በ2013 ሕጉን አውጥታለች። ሰዎቹ ጥናቱን ሳያዩ የፈቀዱት አይመስለኝም።

ሌላው፣ «ያጨሱ ልጆች የበለጠ ይጨነቃሉ» የሚሉት ጥናቶች የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አይነግሩንም። የተጨነቀ ልጅ አጨሰ ወይስ ያጨሰ ልጅ ተጨነቀ? በ2018 እ.ኤ.አ. በአንድ ታዋቂ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠቃለለ ትንተና፣ በወጣቶች የማሰብ ችሎታ ላይ የታየው ተጽዕኖ አነስተኛ እንደሆነና ከ72 ሰዓት በላይ ከታቀቡ በኋላ በተለኩት ላይ ልዩነቱ ጎልቶ እንዳልታየ አስፍሯል። ይህንን የማነሣው ልጁ ያጭስ ለማለት አይደለም፤ እናቱ ልጃቸው ለዘለዓለም ተበላሸ ብለው እንዳይሸበሩ ነው።

የሐረጎ ሹፌር
ጥር 5 ቀን፣ ከቀኑ 7:15

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ከ20 ዓመት በላይ ደሴና ኮምቦልቻን ያመላለስኩ ሹፌር ነኝ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የተገኘበት ልጅ በአለንጋ ነበር የሚታረመው፤ ዛሬ ግን እናት ልጇን ፈርታ ሕዝብ ታማክራለች። በዚህ ቅር እንዳይላችሁ።

ስለ ልብ መደንዘዝ የተነሣው ግን እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ዕድሜው 17 ያህል የሚሆን ረዳት ነበረኝ። ሲጦዝ እንደሚውል አውቃለሁ፤ ሥራውን እስከሠራ ድረስ፣ ደግሞም ከተሳፋሪ ጋር ስለማይጣላ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው እያልኩ ዝም ብዬ ነበር። አንድ ቀን የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ አንዲት እናት ስልክ ተደውሎላት እዚያው መኪና ውስጥ መርዶ ሰማች። ጩኸቷ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ደነገጠ፤ እኔም ዳር ይዤ አቆምኩ። ዞር ብዬ ሳይ ረዳቴ ከፊቷ ቆሞ እጁን ዘርግቷል፤ «ሒሳብ» ይላታል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ምን እንደሆነች አልገባውም። ያን ቀን ከተሳፋሪዎቹ ፊት በጥፊ መታሁት፤ በማግስቱ ሥራውን ትቶ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ነጭ ጋውን
ጥር 5 ቀን፣ ከምሽቱ 2:30

በአእምሮ ጤና ነርስነት እሠራለሁ። ልጁን ሳላየው ይህ ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ ነገር ግን ከላይ የተነሡትን ነጥቦች ለማገናኘት ልሞክር።

አንጎላችን ከካናቢስ፣ ማለትም ከጋንጃ፣ ጋር የሚመሳሰል የራሱ ንጥረ ነገር ያመርታል። ከእነዚህ አንዱ አናንዳማይድ ይባላል፤ በ1992 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም በፕሮፌሰር ራፋኤል ሜኩላም ቤተ ሙከራ የተገኘ ሲሆን፣ ስሙም ሐሴት የሚል ትርጉም ካለው የሳንስክሪት ቃል የተወሰደ ነው። እኚሁ ሳይንቲስት ከባልደረባቸው ጋር በ1964 እ.ኤ.አ. ቲኤችሲን፣ ማለትም የጋንጃውን አጡዛዥ ንጥረ ነገር፣ ለብቻው ነጥለው ያወጡ ናቸው። አንጎል የሚያመርተው የዚህ ንጥረ ነገር ሥራ፣ ቡና ሲቀዳልን እጃችንን ሲኒው ላይ አድርገን «በቃኝ» እንደምንለው ያለ ነው፤ መልእክት የተቀበለው የነርቭ ሕዋስ ለላኪው «አሁን ይብቃ፣ አትቅዳ» የሚልበት መንገድ ነው። ይህ ሥርዓት ፍርሃትንና ቁጣን በሚያስተናግደው አሚግዳላ፣ ትውስታን በሚያደራጀው ሂፖካምፐስና ሐሳብን በሚገራው የግንባር አንጎል ላይ በብዛት ይገኛል። ጋንጃ ሲጨስ ቲኤችሲው የረከቦቱን ሲኒዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይከድናቸዋል። ፍርሃት አይቀዳም፤ ሐዘንም አይቀዳም። በየቀኑ ሲሆን ደግሞ አንጎሉ ራሱ ቲኤችሲው የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ቁጥር ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ሳያጨስ በሚውልበት ሰዓት እንኳ ደስታውም ቁጣውም የደበዘዘ ይሆንበታል።

በጉርምስና ዕድሜ ነገሩ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የግንባር አንጎል ብስለቱን የሚጨርሰው ወደ 25 ዓመት ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚካሄደውን ሥራ ገበሬ ዘመዶች ያላችሁ በቀላሉ ትረዱታላችሁ፤ ልክ እንደ ማሽላ ሽልሻሎ ነው። በብዛት የበቀለው የነርቭ ግንኙነት ይሳሳል፤ የሚሠራበት ይጠነክራል፣ የማይሠራበት ይነቀላል። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይነቀል በሚለው ውስጥ ከላይ ያልኩት የ«በቃኝ» ሥርዓት እጁ አለበት። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ የአውሮፓ ጥናት 799 ልጆች ጋንጃ ከመቅመሳቸው በፊት በ14 ዓመታቸው፣ ከዚያም በ19 ዓመታቸው በኤምአርአይ ታይተው ነበር፤ በመካከሉ ብዙ ያጨሱት ላይ የግንባር አንጎሉ ንጣፍ በፍጥነት እንደሳሳ ታይቷል።

ነፃ ሐሳብ «የትኛው ቀደመ?» ሲሉ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ጥናቶቹም ይህንኑ ለመለየት ሞክረዋል። በ2019 የታተመ አንድ ትንተና ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ 11 ጥናቶችን፣ በድምሩ 23,317 ሰዎችን አጠቃሎ፣ መነሻው ላይ የነበረውን የስሜት ችግር ጭምር ከግምት አስገብቶ ነበር። በጉርምስና ያጨሱት በወጣትነታቸው በድብርት የመያዝ ዕድላቸው 1.37 እጥፍ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ 1.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ በጭንቀት ላይ ግን አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። ለአንድ ልጅ ይህ ትልቅ አደጋ አይመስልም፤ ለአንድ ከተማ ልጆች ግን ትንሽ አይደለም። ስለ ካናዳም ቢሆን የተፈቀደው ለአዋቂ ነው፤ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ዝቅተኛውን ዕድሜ 19፣ ኩቤክ ደግሞ 21 አድርገዋል። የጫቱን ነገር በተመለከተ ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ለምደነው እንጂ ለልጅ ቀላል ሆኖ አይደለም።

ሹፌሩ ጋሼ የተናገሩትም መሠረት አለው። አዘውትረው የሚያጨሱ ሰዎች ከሌላው ፊት ላይ ስሜትን ለማንበብ እንደሚዘገዩ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ረዳትዎ የሴትዮዋን ፊት ያነበበው ዘግይቶ ይሆናል፤ ጥፊው ግን ይህን አያስተምረውም ነበር።

እትዬ፣ ለእርስዎ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱም ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል። ከሰኔ በፊት እንቅልፉ እንዴት ነበር?

እናት ከሸዋ በር
ጥር 5 ቀን፣ ከምሽቱ 4:50

ጥያቄዎን አንብቤ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከ2014 ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሌሊት ይጮህ ነበር። አባቴ በሕይወት ሳሉ አጠገቡ ይተኙ ስለነበር እሳቸው ያባብሉታል፤ ጠዋት ሲጠየቅ ግን አላስታውስም ይላል። ባለፈው ክረምት ጩኸቱ ቆመ። እኔም ዳነልኝ ብዬ ተሳልኩ፣ ስለቴንም አገባሁ። አሁን ሳሰላው ጩኸቱ የቆመው በሰኔ ነው።

የቦርከና ልጅ
ጥር 6 ቀን፣ ከሌሊቱ 6:10

ይህንን አንብቤ መተኛት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ያለፍኩበትን ልጻፍ። ዕድሜዬ 27 ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ እሠራለሁ። በ15 ዓመቴ የጀመርኩት ምርቃና ለመስበር ነበር፤ ጫት ቅመን እንቅልፍ ሲነሣን አንድ ጓደኛችን አመጣው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሳቅ በሳቅ ነበርን፤ ግድግዳ አይተን እንስቃለን። ከዓመት በኋላ ሳቁ ጠፋ፣ ማጨሱ ግን ቀጠለ። የእናቴ ምርቃትና የእናቴ ቁጣ እኩል ሆኑብኝ፤ ሁለቱንም የምሰማቸው ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ የሬዲዮ ድምፅ ነበር።

በ21 ዓመቴ ተውኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ከባዱ ነው፤ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ እንደ አፈር መጣም፣ ሰው ማንኪያ ሲያጋጭ እንኳ ተነሥቼ ልማታ መፈለግ። ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አበድኩ ብዬ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አጭሻለሁ። ሆኖም ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ማንም አያወራም።

ሥራ በገባሁ በወሩ አለቃዬ አንድ ስሕተት አግኝቶብኝ ከሠራተኛ ፊት ተቆጣኝ፤ ያውም በጨዋነት። ጆሮዬ ጋለ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከዚያም ልብሴን እንኳ ሳልቀይር በጓሮ በር ወጥቼ ሄድኩ። ሥራውን በዚያው ተውኩት። ኋላ ሳስበው ገባኝ፤ ከ15 እስከ 21 ዓመቴ ድረስ አንድም ጊዜ እፍረትን አጭሼ ሳላባርር ቁጭ ብዬ አሳልፌው አላውቅም። ሌላው ልጅ በክፍል ውስጥ ሲሳቅበት፣ ሴት ልጅ እምቢ ስትለው፣ በፈተና ሲወድቅ ጥቂት በጥቂት የለመደውን እኔ በአንድ ቀን፣ በአንድ አለቃ ፊት አገኘሁት። አሁን ደህና ነኝ። ግን ገና ሳልናደድ መናደዴን ለማወቅ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል።

እትዬ፣ ልጅዎ «እኔም ገርሞኛል» ማለቱን እንደ ቀላል አይዩት። እኔ በእሱ ዕድሜ አልገረመኝም ነበር።

ነፃ ሐሳብ
ጥር 6 ቀን፣ ከጠዋቱ 3:30

የቦርከና ልጅን የመሰለ ምስክርነት ከሰማሁ በኋላ በቁጥር መከራከር ያሳፍራል፤ ቢሆንም አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ጋንጃ የልጆችን የአእምሮ ብቃት መለኪያ (አይኪው) 8 ነጥብ ይቀንሳል የሚለው በየቦታው ይጠቀሳል። ይህ የተረጋገጠ ነው?

ነጭ ጋውን
ጥር 6 ቀን፣ ከቀኑ 6:45

ቁጥሩ የመጣው ከኒውዚላንድ ነው። በደኒዲን ከተማ በ1972 እና 1973 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 1,037 ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ክትትል ተደርጎላቸዋል፤ በ2012 በወጣው ውጤት፣ በጉርምስና ጀምረው እስከ 38 ዓመታቸው ጥገኛ ሆነው በቀጠሉት ላይ ወደ 8 ነጥብ የሚደርስ ቅናሽ ታይቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንትዮችን ያነጻጸረ ጥናት ወጣ፤ አንዱ አጭሶ ሌላው ያላጨሰ መንትዮች መካከል ያን ያህል ልዩነት ስላልተገኘ፣ ቅናሹ በከፊል ከቤተሰብና ከአስተዳደግ ሊመጣ እንደሚችል አመልክቷል። ስለዚህ 8 ነጥብ እያሉ ልጅን ማስፈራራት አያስፈልግም፤ ነገ ሐሰት ሆኖ ቢያገኘው እውነተኛውንም ነገራችንን አያምንም።

እኔ በበኩሌ የምፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሱሱ ነው፤ ከሚቀምሱት ሁሉ 9 በመቶ ያህሉ ጥገኛ ሲሆኑ፣ በጉርምስና ከሚጀምሩት ግን ከ6ቱ አንዱ ነው። ሁለተኛው ከእውነታ መነጠል ነው። ስዊድን ውስጥ ለውትድርና የተመለመሉ 45,570 ወጣቶች ለ15 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው በ1987 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ እስከ 18 ዓመታቸው ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ከእውነታ በሚነጥለው የአእምሮ ሕመም፣ በስኪዞፍሬንያ፣ የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ነበር። አብዛኞቹ አጫሾች አልታመሙም፤ በዘር የመጋለጥ ዕድል ያለው ልጅ ላይ ግን አደጋው ይጨምራል። በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ከነበረ ለሐኪሙ መደበቅ አይገባም።

ስለ እንቅልፉ፣ እትዬ፦ ጋንጃ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳጥራል። በቅዠት ሲሰቃይ የኖረ ልጅ አጭሶ ሌሊቱን በሰላም ሲያድር መድኃኒት ያገኘ ይመስለዋል፤ የእርስዎም ልጅ ያደረገው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ስሜት መደንዘዝ ከከባድ መከራ በኋላም የሚመጣ ምልክት ስለሆነ፣ ሁለቱ ተደራርበውበት ሊሆን ይችላል። ጢሱን ብቻ ነጥቀውት ቢቀመጡ ግን ቅዠቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል።

የሕግ ነገር
ጥር 6 ቀን፣ ከምሽቱ 1:20

አንዳንድ ወላጅ ልጁን ለማስደንገጥ ብሎ ራሱ ፖሊስ ይጠራል፤ ይህን ከማድረግ በፊት ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን በወንጀል ይከለክላል። ዕድሜው ከ9 እስከ 15 ዓመት ለሆነ ልጅ የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ለወጣት አጥፊዎች የተደነገጉት እርምጃዎች ይወሰዳሉ። ከ15 አልፎ 18 ያልሞላው ግን እንደ አዋቂ ይከሰሳል፤ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልል ይችላል እንጂ መዝገቡ አይቀርም። የ16 ዓመት ልጅን ለማስፈራራት ተብሎ የተጀመረ ነገር በወላጅ ፈቃድ አይዘጋም።

አወያይ
ጥር 7 ቀን፣ ከጠዋቱ 4:00

ዕፁ በየትኛው ሰፈር እንደሚሸጥ የሚጠቁም አንድ መልስ ሰርዣለሁ። ለጥቆማ ተብሎ ቢጻፍም ለገዢ መንገድ ያሳያል።

እናት ከሸዋ በር
ጥር 7 ቀን፣ ከምሽቱ 3:00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ ምን ልበለው? ዘመዶች ጸበል ውሰጂው ይላሉ፤ ጎረቤቴ ሐጂ ደግሞ ዱዓ እናድርግለት ብለው ወዳጃ ሊጠሩለት ነው። አባቱ በበኩሉ ከቤት እንዳይወጣ እንቆልፍበት ባይ ነው።

ነጭ ጋውን
ጥር 7 ቀን፣ ከምሽቱ 4:15

ጸበሉንም ዱዓውንም አልከለክልም፤ ሰው ለልጁ ተሰብስቦ ሲጸልይ ልጁ ብቻውን እንዳልሆነ ያያል። ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሁን ብቻ። መቆለፉን ግን ተዉት፤ ቅዠት ያለበትን ልጅ መቆለፍ ሌላ ቅዠት ነው።

ንግግሩን ከጋንጃው አይጀምሩ፤ ከሌሊቱ ይጀምሩ። «ለምን ታጨሳለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ «ስትተኛ የሚመጣብህ ምንድን ነው?» ለሚለው ግን ሊኖረው ይችላል። ባይመልስም ጥያቄው ገብቶታል። እንዲተው ሲስማማ፣ ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ ብስጭት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና እንቅልፍ ማጣት እንደሚጀምረው፣ በመጀመሪያው ሳምንት እንደሚበረታ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ እንደሚችል አስቀድመው ይንገሩት፤ የቦርከና ልጅ ሁለት ጊዜ የወደቀው ይህን የሚነግረው አጥቶ ነው። ለካናቢስ ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ የሚሠራው የምክር ሕክምናና የቤተሰብ ተሳትፎ ነው። ለቅዠቱና ለድብርቱ ግን ሕክምና አለ፤ በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለና ይዘውት ይሂዱ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ቤተሰቡን በክፉ ከጠረጠረ ወይም መኖር አልፈልግም ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ይውሰዱት።

በየቀኑ የሚያጨሱ አዋቂዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ የቀነሱት ተቀባዮች ከ4 ሳምንት ገደማ መታቀብ በኋላ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ታይቷል። የልጅዎ ስሜት ሲመለስ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ደስታው ላይሆን ስለሚችል፣ ቁጣው ከቀደመ አይደንግጡ።

የሐረጎ ሹፌር
ጥር 8 ቀን፣ ከጠዋቱ 1:30

ያንን ረዳቴን ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

እናት ከሸዋ በር
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 5:40

አንድ ወር አልፎናልና ያለንበትን ላሳውቃችሁ። ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ሄደናል። ልጄ ካቆመ 23 ቀን ሆነው፤ በመካከሉ አንድ ቀን አጭሶ መጥቶ ራሱ ነገረኝ። ጩኸቱ እንደተባለው ተመልሷል። አሁን አያቱ ይተኙበት በነበረው አልጋ ላይ እኔ እተኛለሁ፤ ሲጮህ ስሙን እጠራለሁ፣ መብራት አበራለሁ፣ ውኃ እሰጠዋለሁ። ሕልሙን ከፊሉን ነግሮኛል፤ እዚህ አልጽፈውም።

ባለፈው ቅዳሜ ሳጥን ስከፍት የአባቴን ጋቢ አወጣሁ። ከለቅሶው በኋላ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ያስቀመጥኩት ነው። ልጄ አየውና ከእጄ ወስዶ አፍንጫው ላይ አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ «አጠብሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ለምን አጠብሽው? ማን እጠቢው አለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ተወልዶ ካደገ ጀምሮ እንዲህ ጮኾብኝ አያውቅም። አባቱ ከሳሎን ሮጦ መጣ፤ በእጄ ምልክት ሰጥቼ አስቆምኩት። ምንም ሽታ የለውም፣ ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው፣ እያለ ቤቱን ሲዞርበት ቆየ፤ በኋላ ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ ተከናንቦ መሬት ላይ ቁጭ አለና ማልቀስ ጀመረ። ታናሽ እህቱ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ቡናውን ሳላፈላ መሸ።

ቀጣዩ ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው።